ትንሹ እንግዴ ልጅ፦ የሜይሻን አሳማ የደም ስሮች ጉዳይ

እ.ኤ.አ. በ1989 ከቻይና ወደ አሜሪካ የገቡት አሳማዎች መልካቸው አይማርክም ነበር። ጥቁር ናቸው፤ ፊታቸው የተሸበሸበ፣ ጆሯቸው ዓይናቸውን እስኪጋርድ የተንጠለጠለ ነው። ለማደግ ይዘገያሉ፤ ሥጋቸውም ስብ ይበዛበታል። ለሥጋ የሚያረባ ሰው በዚህ መልካቸው ቢያያቸው ወደ በረቱ አያስጠጋቸውም። ይሁን እንጂ ከያንግትዜ ወንዝ ማዶ፣ ከታይሁ ሐይቅ ዙሪያ ድረስ ተፈልገው የመጡት ለማህፀናቸው ነው። በተለይ ሜይሻን የሚባለው ዝርያ በአንድ ወሊድ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ዝርያዎች ከ3 እስከ 5 ግልገል አብልጦ ይወልዳል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት፣ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲና አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተከፋፍለው ወሰዷቸው። ፈረንሳዮች በ1979 ቀድመው አስገብተው ነበር።

እዚህ የማነሳው ከሦስቱ የአንዱን፣ የአዮዋ ስቴትን ሥራ ነው። ስቲቨን ፎርድ፣ ማቲው ዊልሰንና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት የተከታተሉት ጥያቄ በአንድ መስመር ያልቃል፦ ትርፎቹ ግልገሎች የት ገቡ? የሜይሻን ማህፀን ዮርክሻየር ከሚባለው የምዕራባውያን ዝርያ ማህፀን አይሰፋም። የሚለቀቀው እንቁላል ብዛትም ያን ያህል ልዩነት አያመጣም። በእኩል ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ሲያድር፣ ወይ እያንዳንዱ ጠበብ አድርጎ ተኝቷል ማለት ነው፣ ወይ ቤቱ እኛ ያላየነው ጓዳ አለው ማለት ነው። መልሱ የተገኘው በእንግዴ ልጁ ውስጥ፣ በደም ስሮቹ ጥልፍልፍ ላይ ነው። ይህን ጉዳይ ደጋግሜ የማነሳው የእንስሳት እርባታ ሰዎች ዛሬም ድረስ የፅንስን ዕድል በእንግዴ ልጅ ክብደት ስለሚለኩት ነው። ሚዛን ደም ስር አይቆጥርም።

የማህፀን ወረፋ

አሳማ ከምትወልደው በላይ ትፀንሳለች። ከ15 እስከ 20 እንቁላል ትለቃለች፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ፣ ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆኑት፣ ይፀነሳሉ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። እርግዝናው 114 ቀን ገደማ ይፈጃል። ከመቶ ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ሽሎች የመጀመሪያውን ወር ሳይጨርሱ ይጠፋሉ። ከአንድ ወር ወዲህ ደግሞ ሌላ ሞት ይመጣል። የዚህኛው ሞት ዋና ምክንያት ጥበት ነው። ፅንሶቹ በሁለቱ የማህፀን ቀንዶች ውስጥ እንደ ዶቃ ተደርድረው ያድጋሉ። እያንዳንዱ የራሱን የግድግዳ ቁራጭ ይዟል፤ ጎረቤቱ የያዘውን አይወስድበትም። በዚህ ቤት ቦታ ማለት የእናት ደም የሚደርስበት ስፋት ነው። ቦታው ያነሰበት ፅንስ ይቀጭጫል፤ በጣም ያነሰበት ደግሞ ይሞትና እናቱ ውስጥ ደርቆ ይቀራል። በወሊድ ጊዜ ከጤነኞቹ መሐል ጠቁሮ የተጨማደደ ግልገል ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል።

በዚህ ሂሳብ ትልቅ እንግዴ ልጅ ያለው ፅንስ ዕድለኛ ነው። በዮርክሻየር ዘንድ ነገሩ በእርግጥም እንዲህ ነው፦ እንግዴ ልጁ በሰፋ ቁጥር ግልገሉ ይከብዳል። ነገር ግን የአንዱ ስፋት የሌላው ጥበት ነው። ሁሉም ለራሱ ቢሰፋ ማህፀኑ የሚይዘው ጥቂቱን ብቻ ነው።

ስድስት ግድግዳ

የአሳማ እንግዴ ልጅ እንደ ሰው እንግዴ ልጅ የማህፀኑን ሥጋ ሰርስሮ አይገባም። ማህፀኑ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል፤ በወሊድ ጊዜም ብዙ ደም ሳያፈስ ይላቀቃል። የእናት ደምና የፅንስ ደም አይነካኩም። ከእናት ወደ ፅንስ የሚያልፍ ኦክስጅን ስድስት ንብርብር ያቋርጣል፦ የእናት ደም ስር ግድግዳ፣ ከዚያ ሥር ያለው የእናት ማያያዣ ሥጋ፣ የማህፀኑ ውስጠኛ ሽፋን፣ የእንግዴ ልጁ ውጫዊ ሽፋን፣ የፅንሱ ማያያዣ ሥጋ፣ በመጨረሻም የፅንሱ ደም ስር ግድግዳ። የአሳማ ግልገል በእናቱ ማህፀን ሳለ የእናቱን የበሽታ መከላከያ ሳይወስድ የሚወለደውና በእንገር ላይ የተመሠረተው በዚህ ምክንያት ነው፤ እነዚያ ትልልቅ ሞለኪውሎች ስድስቱን ግድግዳ አያልፉም።

ስድስት ግድግዳ ባለበት ቤት ሁለት መላ አለ። አንዱ የመገናኛውን ስፋት ማብዛት ነው። ሁለተኛው ደም ስሮቹን ወደ ግድግዳው ማስጠጋትና ማጥበቅ ነው። አሳማ ሁለቱንም ትጠቀማለች።

አዲስ የወጣ የአሳማ እንግዴ ልጅ በንጹሕ ውሃ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ያላየ ሰው ይህን ማሰብ ይቸግረዋል። በእጅ ሲይዙት እርጥብ ጨርቅ ይመስላል። ውሃው ላይ ሲለቁት ይነቃል፤ ገጽታው ሐር ለብሶ የተኮማተረ ይሆናል። በብርሃን ላይ ቢያነሱት ከእትብቱ የሚነሱት ወፍራም ስሮች እየተከፈሉ፣ እየቀጠኑ፣ መጨረሻ ላይ ዓይን ከሚለየው በታች ወርደው ቀይ ጭጋግ ሲሆኑ ይታያል። በዚያ ጭጋግ ላይ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ተዘርተዋል። አሪዮላ ይባላሉ፤ በአንድ እንግዴ ልጅ ላይ በሺዎች ይቆጠራሉ። እያንዳንዳቸው በአንድ የማህፀን ዕጢ አፍ ትይዩ ተከፍተው ዕጢው የሚያመነጨውን ይቀበላሉ። ፅንሱ ብረት የሚያገኘው በዋናነት በዚህ በር ነው፤ ብረቱን የሚሸከመው ዩትሮፌሪን የሚባል ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፕሮቲን ነው።

የቀረው ገጽ በሙሉ የጋዝና የቀላል ምግብ መተላለፊያ ነው። ከመጀመሪያው ወር ማብቂያ ወዲህ ይህ ገጽ መታጠፍ ይጀምራል። የማህፀኑ ሽፋንና የእንግዴ ልጁ ሽፋን ተያይዘው፣ እንደ ሁለት እጆች ጣቶች አንዱ በሌላው መሐል እየገባ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይጠላለፋሉ። እርግዝናው በገፋ ቁጥር እጥፋቱ ይረዝማል፣ ከእጥፋቱ ላይም ሌላ እጥፋት ይወጣል። እናም ሁለት እንግዴ ልጆች በሜትር ተለክተው እኩል ቢሆኑ እንኳ በማይክሮስኮፕ ሥር የአንዱ መገናኛ ከሌላው በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል።

የደም ስሮቹን አቀማመጥ ያሳየን አንድ ብልሃት ነው። ተመራማሪዎች በሞተ ማህፀንና እንግዴ ልጅ ደም ስሮች ውስጥ የሚደርቅ ፈሳሽ ፕላስቲክ ይሞላሉ፤ ሲደርቅ ሥጋውን በኬሚካል ያሟሙታል። የሚቀረው የደም ስሩ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ሥጋ የሌለው ዛፍ። በ1980ዎቹ ሩዶልፍ ላይዘርና ቪቤከ ዳንትሰር በዚህ መንገድ የአሳማን እንግዴ ልጅ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተዋል። የእናትና የፅንስ ካፒላሪዎች፣ ማለትም ከሁሉም የቀጠኑት ደም ስሮች፣ በእጥፋቶቹ ጎን ላይ በቅርጫት መልክ ተሠርተው ጎን ለጎን ይሮጣሉ፤ ደሞቹ የሚፈስሱት ግን በአንድ አቅጣጫ አይደለም፤ ይተላለፋሉ፣ በከፊልም ፊት ለፊት ይቃረናሉ። እንዲህ ያለ አፈሳሰስ ደሞቹ ወደ አንድ ወገን ከሚሄዱበት ይልቅ ብዙ ያስተላልፋል። በእርግዝናው መጨረሻ ደግሞ የፅንሱ ካፒላሪዎች የእንግዴ ልጁን ሽፋን ከታች እየገፉ በሴሎቹ መሐል ይሰረጉና በሁለቱ ደሞች መካከል ያለው ርቀት በአንዳንድ ቦታ ወደ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ይወርዳል። ስድስቱ ግድግዳ አልፈረሰም። በጣም ሳሳ እንጂ።

ክሩ

የደም ስር ታሪኩ የሚጀምረው ደም ስር ከመኖሩ በፊት ነው። በ11ኛው ቀን ገደማ ሽሉ 1 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ክብ ፊኛ ነው። ከዚያ በሰዓታት ውስጥ የሚሆነውን ሳነበው አሁንም ይገርመኛል። ሽሉ በሰዓት ከ30 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ሴሎቹ ቶሎ ስለተባዙ አይደለም፤ ያሉት ሴሎች ቅርጻቸውንና አቀማመጣቸውን ስለቀየሩ ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ሜትር የሚጠጋ ቀጭን ክር ሆኖ በማህፀኑ እጥፋቶች መሐል ይተኛል። በዚሁ ጊዜ ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ኢስትሮጅን ለእናቱ «አለሁ» የሚልበት ቋንቋ ነው፤ ወደዚያ የማህፀን ቀንድ የሚሄደውን ደምም ይጨምራል። ሽሉ የሚረዝምበት መጠን በኋላ የሚይዘውን ቦታ ይወስናል። ከ18ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ አላንቶይስ የሚባለው ከረጢት ከፅንሱ ወጥቶ ይነፋል፤ የእትብቱን ደም ስሮች ተሸክሞ ከውጪው ሽፋን ጋር ይገጥማል። እንግዲህ ያኔ ነው ያ ባዶ ክር ደም የሚያገኘው።

የሜይሻን ሽል በ12ኛው ቀን ከዮርክሻየር ሽል ያንሳል፤ ኢስትሮጅንም የሚያመነጨው ጥቂት ነው። ይህን ያየ ሰው ለደካማነት ይሰጠዋል። የአዮዋ ስቴት ቡድን ግን ሌላ ጥያቄ አነሳ፦ ይህ ትንሽነት የሽሉ ነው ወይስ የማህፀኑ?

ማህፀን መለዋወጥ

መልሱን ለማግኘት ሽሎቹን አዛወሩ። የሜይሻን ሽል በዮርክሻየር ማህፀን፣ የዮርክሻየር ሽል በሜይሻን ማህፀን፣ እንዲሁም ሁለቱ ዓይነቶች ተደባልቀው በአንድ ማህፀን አደጉ። የዚህ ዓይነት ሙከራ ክብሩ እዚህ ላይ ነው፦ በአንድ እናት ደም፣ በአንድ መኖ፣ በአንድ ቀን የሚነፃፀሩት ወንድማማቾች ባይሆኑም ጎረቤታሞች ናቸው። ልዩነት ከታየ ሰበቡ ከእናቲቱ አይደለም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በተመለከተ ማህፀኑ አሸነፈ። የሜይሻን ማህፀን የገባበትን ሽል ሁሉ፣ ዮርክሻየርንም ጭምር፣ ያዘገያል። ቀስ ብሎ የሚያሳድግ ማህፀን ሽሎቹ ሳይራኮቱ፣ አንዱ ሌላውን በኢስትሮጅኑ ሳይቀድመው፣ ተቀራርበው እንዲረዝሙ ያደርጋል። ወደ መጨረሻው የእርግዝና ጊዜ ሲሄዱ ግን የሽሉ የራሱ ዝርያ ገነነ። በ1998 በወጡት ሁለት ሥራዎቻቸው ፅንሶቹን በ70ኛው፣ በ90ኛውና በ110ኛው ቀን፣ እንዲሁም በወሊድ ጊዜ ተመልክተዋቸዋል። በየትኛውም ማህፀን ቢሆን የሜይሻን ፅንስ እንግዴ ልጅ በጎኑ ካደገው የዮርክሻየር እንግዴ ልጅ ያንሳል። ማይክሮስኮፕ ሲገባ ደግሞ ሥዕሉ ተገለበጠ፦ የትንሹ እንግዴ ልጅ ደም ስሮች ጥግግት ከትልቁ ይበልጣል። እንግዴ ልጁ በተለጠፈበት የእናት ግድግዳ ላይ ያሉት ደም ስሮችም እንዲሁ በዝተዋል። ይህን ሁለተኛውን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። ፅንሱ የራሱን ስሮች ብቻ አላበዛም፤ የዮርክሻየር እናት ግድግዳ ላይም ከበላዩ ያለውን ቁራጭ በደም ስር እንዲሞላ አድርጓል። የመልእክቱ ላኪ ፅንሱ ነው።

ከ90ኛው ቀን በኋላ ያለው ሦስት ሳምንት ነው የጉዳዩ እምብርት። በ90ኛው ቀን ፅንሱ 600 ግራም ገደማ ነው፤ ሲወለድ ከዚያ እጥፍ በላይ ይከብዳል። ይህን ሁሉ ሥጋ የሚያስገነባ ተጨማሪ ኦክስጅንና ስኳር ከየት ይመጣል? የዮርክሻየር ፅንስ መልሱ ቦታ መያዝ ነው፦ እንግዴ ልጁ በእነዚህ ሳምንታት በጉልህ ይሰፋል፣ የደም ስሩ ጥግግት ግን አይጨምርም። የሜይሻን ፅንስ እንግዴ ልጅ በዚያው ስፋቱ ይቆያል፤ ስሮቹ ግን በአንድ ቁራጭ ላይ እየበዙ ይሄዳሉ። አንዱ ፎቅ የሌለው ቤት እያሰፋ ወደ ጎረቤት ይገፋል፤ ሌላው በያዘው መሬት ላይ ጓዳ ይጨምራል። በተጣበበ ማህፀን ሁለተኛው ብዙ ጎረቤት አብሮት እንዲኖር ያስችላል። ትርፎቹ ግልገሎች የገቡት እዚህ ነው።

የኢስትሮጅኑን ክር የሚያጠናቅቅ አንድ ሙከራ በ2000 ወጣ። ዊልሰንና ፎርድ ሽሎቹ በሚረዝሙበት ጊዜ ለሜይሻን እናቶች ኢስትሮጅን ሰጧቸው። ሲወልዱ እንግዴ ልጆቹ ካልተሰጣቸው ይልቅ ተልቀው ተገኙ። በሁለተኛው ሳምንት ላይ በጥቂት ቀናት የተወሰደ ሆርሞን ከመቶ ቀን በኋላ ባለው የእንግዴ ልጅ ስፋት ላይ ታየ ማለት ነው። የሜይሻን ትንሽነት ጉድለት አልነበረም፤ ገና ከክሩ ዘመን የተያዘ ልክ ነበር።

ቪኢጂኤፍ

ስሮቹን ያበዛቸው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቫስኩላር ኢንዶቴሊያል ግሮውዝ ፋክተር፣ በአጭሩ ቪኢጂኤፍ፣ የሚባለው ፕሮቲን ነበር። ኦክስጅን ያነሰበት ሴል ያመነጨዋል። በአቅራቢያው ያለ ደም ስር ግድግዳ ላይ ያሉት ሴሎች ይህን ሲሰሙ ይላላሉ፣ ይባዛሉ፣ ወደ መልእክቱም ያቆጠቁጣሉ። ኪምበርሊ ቮናሜ ከዊልሰንና ከፎርድ ጋር በ2001 ባሳተመችው ሥራ የዚህ ፕሮቲን መልእክት በእንግዴ ልጁ ውስጥ እርግዝናው በገፋ ቁጥር እንደሚጨምር፣ መጠኑም ከደም ስር ጥግግት ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳየች። ከትሮፎብላስት፣ ማለትም ከእንግዴ ልጁ ሽፋን ሴሎች፣ የሚወጣ መልእክት በሁለቱም ወገን ሊሰማ ይችላል። ከሥሩ ላለው የፅንስ ካፒላሪም ከበላዩ ላለው የእናት ካፒላሪም ርቀቱ አጭር ነው። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ስሮች መብዛታቸው የሚያስገርም አይሆንም።

ሚዛኑ ሲገባ

እስካሁን ያለው ውብ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ሁላችንንም ያስተማረን ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

በእናትም በፅንስም ወገን ያለውን ደም ስር ለመቁጠር እናቲቱን ማረድ ግድ ይላል። አርቢ ደግሞ የሚፈልገው በሕይወት ያለች እናት ነው። ስለዚህ ቡድኑ በወሊድ ጊዜ የሚለካ ምልክት ፈለገ። ያገኙት የግልገሉን ክብደት ለእንግዴ ልጁ ክብደት ማካፈል ነው፤ «የእንግዴ ልጅ ብቃት» አሉት። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። እያንዳንዱ ግልገል ሲወጣ እትብቱ ከመቆረጡ በፊት ቁጥር ባለው ክር ይታሰራል፤ ተመሳሳይ ቁጥር ግልገሉ ላይ ይደረጋል። እንግዴ ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ተያይዘው ይወጣሉ። ያኔ ክሮቹ ተፈልገው እያንዳንዱ ከባለቤቱ ጋር ይጣመራል። ሌሊት ሙሉ በረት ውስጥ ተንበርክኮ መቀመጥ ነው።

በ1999 ውጤቱን አሳተሙ። በዮርክሻየር ውስጥም፣ ያውም በአንድ ወሊድ ግልገሎች መካከል፣ ይህ ብቃት በሰፊው ይለያያል። ብቃታቸው ከፍ ያለ ወንዶችንና ሴቶችን አንድ ወገን፣ ዝቅ ያለውን ሌላ ወገን አድርገው አዳቀሉ። ከፍ ያለ ብቃት ያላቸው ሴቶች በአንድ ወሊድ ወደ 3 የሚጠጋ ግልገል አብልጠው ወለዱ። ግልገሎቹ ከሌሎቹ ቀለል ይላሉ፤ እንግዴ ልጆቹ ግን ከዚያም በጣም ይቀልላሉ። ጥቂት ግራም ሥጋ ብዙ ግልገል ተሸከመ። የዮርክሻየር ደም ውስጥ የተደበቀ ሜይሻን የተገኘ መሰለ።

ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም። በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ መለኪያ ለትውልዶች መምረጫ አድርገው ሞከሩት፤ በ2005 የወጣው ውጤት እንደተጠበቀው የወሊድ ብዛት መጨመርን አላሳየም። ለምን? ይህ የራሴ ግምገማ ነው፦ ክፍልፋይ ቁጥር ሁለት ምስጢር በአንድ ይደብቃል። ክፍልፋዩ ከፍ የሚለው ግልገሉ ስለከበደም፣ እንግዴ ልጁ ስለቀለለም ነው። በተግባር ከፍ የሚያደርገው ሁለተኛው ነው። እንግዴ ልጁ የቀለለበት ግልገል ደግሞ ስሮቹ የተጠቀጠቁለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቦታ አጥቶ የተቀጨ፣ በሁለቱም ያነሰ ሚስኪን ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ። ለዚህም ነው «ብቃት» የሚለው ስም የማይመቸኝ። ስሙ የደም ስርን ሥራ ያወድሳል፤ ቁጥሩ ግን ደም ስርን አላየውም።

ይህ ማለት ግን የፎርድና የዊልሰን ዋና ግኝት ፈረሰ ማለት አይደለም። በማይክሮስኮፕ የታየው ታይቷል። የወደቀው ከማይክሮስኮፕ ወደ ሚዛን የተዘረጋው ድልድይ ነው።

ትንሹ ፅንስ ምን ያደርጋል?

ድልድዩን ለመጠገን የረዳው ሥራ የመጣው ከኔብራስካ፣ ክሌይ ሴንተር ከሚገኘው የግብርና መሥሪያ ቤቱ የምርምር ማዕከል ነው። ጄፍሪ ቫሌትና ብራድሊ ፍሬኪንግ በአንድ ማህፀን ውስጥ ያሉትን ትልቁንና ትንሹን ፅንስ እንግዴ ልጅ በጎን ቆርጠው አነፃፀሩ። በ2007 ያሳተሙት እንዲህ ይላል፦ እርግዝናው ሲገፋ የትንሹ ፅንስ እጥፋት ከትልቁ ይልቅ ይጠልቃል። ከእጥፋቱ በላይ ያለው የማያያዣ ሥጋ ንብርብር ግን ይሳሳል። ቦታ የተነፈገው ፅንስ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ባለው ላይ መገናኛውን ለማብዛት ታገለ። ይሁንና ያ የማያያዣ ሥጋ እጥፋቱ ወደ ላይ የሚያድግበት መሬት ነው። መሬቱ ሲያልቅ እጥፋቱም ይቆማል። ትግሉ ገደብ አለው።

ይህን ከሜይሻን ጎን ሳስቀምጠው ልዩነቱ ይገለጥልኛል። የተቀጨው የዮርክሻየር ፅንስም የሜይሻን ፅንስም ትንሽ እንግዴ ልጅ አላቸው። የመጀመሪያው ጥበት ከደረሰበት በኋላ ይቋቋማል፤ በመጨረሻው ሰዓት እጥፋቱን ያጠልቃል። ሁለተኛው ከመነሻው በትንሽ ልክ ተሠርቶ ስሮቹን እያበዛ ይሄዳል። በሚዛን ላይ መንታ ይመስላሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሥር ግን ታሪካቸው የተለያየ ነው።

በመኖ በኩልም ሙከራ አለ። በአሳማ እርግዝና በ40ኛው ቀን አካባቢ በአላንቶይስ ፈሳሽ ውስጥ አርጂኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ባልተጠበቀ መጠን ተከማችቶ ይገኛል። ከአርጂኒን ናይትሪክ ኦክሳይድና ፖሊአሚን ይሠራሉ፤ የመጀመሪያው ደም ስርን ያሰፋል፣ ሁለቱም ለአዲስ ስር ማቆጥቆጥ ያስፈልጋሉ። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲው ጉዎያዎ ዉና ባልደረቦቹ በ2007 ባወጡት ሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወልዱ አሳማዎች ከ30ኛው እስከ 114ኛው ቀን ድረስ በመኗቸው ላይ ከመቶ 1 አርጂኒን ሃይድሮክሎራይድ ጨመሩላቸው፤ በሕይወት የተወለዱት ግልገሎች በአንድ ወሊድ በ2 ገደማ በለጡ። ትልቅ ለውጥ ነው። እኔ ግን አንድ ጥንቃቄ አለኝ፦ ዕድል ያለው እንግዴ ልጁ ገና ሲሠራ ነው። ክሩ ከረዘመ፣ ልኩም ከተያዘ በኋላ የመጣ እርዳታ ያለውን ያጠነክር ይሆናል እንጂ የቦታውን ድርሻ እንደ አዲስ አይመድብም።

የቀረው የመለኪያ ጥያቄ ነው። የወሊድ ሌሊት አብቅቶ እንግዴ ልጆቹ በትሪ ላይ ሲደረደሩ እኔ አሁን ከመመዘኔ በፊት እዘረጋቸዋለሁ። በክር የታሰረውን ቁጥር አነባለሁ፤ ስፋቱን በተዘረጋበት እለካለሁ። ከእትብቱ አጠገብና ከጠርዙ እኩል የሆኑ ቁራጮች ቆርጬ ፎርማሊን ውስጥ እጨምራለሁ። ክብደቱ የሚጻፈው በመጨረሻ ነው። በማግስቱ ቁራጮቹ በሰም ተሞልተው፣ በስሱ ተቆርጠው፣ ቀለም ሲቀቡ፣ በሚዛን እኩል የነበሩት ሁለት እንግዴ ልጆች መስታወቱ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በአንዱ ላይ እጥፋቱ ቁመቱን ጨርሶ ከላዩ የቀረው ሥጋ እንደ ክር ቀጥኗል፤ ካፒላሪዎቹ ተራርቀው እዚህም እዚያም ይታያሉ። በሌላው ላይ እጥፋቱ ገና መሬት አለው፤ ከጎኑም ካፒላሪዎቹ ከሽፋኑ ሥር ተጠጋግተው፣ አንዳንዶቹም በሴሎቹ መሐል ገብተው፣ ቀይ የደም ሴሎች እንደታጨቁባቸው ተሰልፈዋል።